የእንቁጣጣሽ ማሲንቆ

እኛ አካባቢ ለታቦት የተሳለ ሰው ስለቱ ሲደርስለት ይዞ ከሚገባቸው ነገሮች አንዱ ከበሮ ነው። ጃንጥላ የሚያስገባ አለ፤ ምንጣፍ፣ መጋረጃ፣ ጧፍ፣ ዕጣን የሚያስገባም አለ። የከበሮው ቀን ግን ሌላ ነው። ባለ ስለቱ ከነቤተሰቡ በእልልታ ቅጥሩን ሲዘልቅ የደባትሩና የዲያቆናቱ ፊት ይፈካል። የማኅሌት ሰዎች ናቸውና ወዲያው ምርመራ ይጀምራሉ። ቆዳው በደንብ ተወጥሯል ወይ? ጠፍሩ ጠብቋል ወይ? በሰፊው አፉ በኩል ምን ይላል፣ በጠባቡስ? አንዱ በመዳፉ መታ ያደርገዋል፤ ሌላው ጆሮውን ጣል ያደርጋል። ሰጪው ላቡን እየጠረገ ፍርዳቸውን ይጠብቃል። "ድምፅ አለው" ካሉት በዓሉን በደስታ ዋለ ማለት ነው።

ይህን እያየሁ ስላደግሁ፣ ለበዓል የዜማ ዕቃ መስጠት ከውጭ የመጣ ልማድ ነው የሚለኝን ሰው ሰምቼው አላልፍም። የራሳችን ነው። ልዩነቱ የምንሰጠው ለታቦት ብቻ መሆኑ ነው። ያው ከበሮ ያስገባው ሰው ጥር ላይ ልጁን ሲድር አዝማሪ ያስጠራል፤ ግጥም ይነግረዋል፤ ሞቅ ሲለው ተነሥቶ ግንባሩ ላይ ብር ይለጥፍለታል። አዝማሪው የያዛት ማሲንቆ ቆዳዋ ተቀዶ በክር የተሰፋ፣ ጭራዋ የሳሳ መሆኑን ግን ከዳሱ ውስጥ አንድም ሰው ልብ አይልም። ሽልማቱ ለጉሮሮው ነው። ለመሣሪያው የሚሸልም የለም። ለዓመታት ሲያንገበግበኝ የኖረው ይህ ነው።

ብር ጠፍቶ እንዳይባል፣ ፎገራ ብር የሌለበት አገር አይደለም። ወረታ ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ወደ ደብረ ታቦርና ወልድያ የሚታጠፈው አስፋልት የሚነሣባት ከተማ ናት። ሜዳው በርብና በጉማራ ወንዞች መካከል እስከ ጣና ድረስ ተዘርግቷል። ድሮ ስሙ የሚነሣው በከብቱ ነበር፤ ወተት የሚሰጠው፣ ረግረጉን የለመደው የፎገራ ከብት። በደርግ ዘመን የሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች ጅግናና ሻጋ ላይ በነበሩት የገበሬ ማኅበራት ሩዝ አስሞከሩ፤ ከዚያ ወዲህ ውኃ ሲተኛበት ከንቱ ይቀር የነበረው ጥቁር አፈር ሩዝ አብቃይ ሆነ። ኤክስ ጅግና የሚባለው ዝርያ ስሙን ያገኘው ከዚያችው ቀበሌ ነው። ዛሬ ብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከሉ ያለው ወረታ ነው፤ የሩዝ መፈልፈያው ድምፅም ከተማውን ሞልቶታል። ሩዙ ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ይታጨዳል፤ ሰርጉ ጥር ላይ ይደገሳል። እና በጥር የአዝማሪ ግንባር ላይ የሚለጠፈው ብር የሩዝ ብር ነው።

የአዝማሪ ዓመት ከገበሬው ዓመት ጋር አብሮ የተሠራ ነው። ጥር ከጥምቀት ማግሥት ጀምሮ ዓቢይ ጾም እስኪገባ እንቅልፍ የለውም። ጾሙ ሲገባ ማሲንቆው ግድግዳ ላይ ይሰቀላል። ከፋሲካ በኋላ እንደገና ሰርግ አለ። ክረምት ግን ሞት ነው። ጭቃው ሰው አያስወጣም፤ ደግሶ የሚጠራም የለም። መስከረም ሲጠባ በር ይከፈታል፤ ከእንቁጣጣሽ እስከ መስቀል፣ ከመስቀል እስከ ነቢያት ጾም መግቢያ ሰው ይጫወታል። ስለዚህ አዝማሪ ለበዓል ምን ይመኛል ቢባል መልሱ ሩቅ አይደለም። ለእንቁጣጣሽ የሚመኘው ክረምቱ ያበላሸበትን መሣሪያ የሚተካለትን ነው። ለገና የሚመኘውም ያንኑ ነው፤ ከጥምቀት በፊት አዲሱን ዕቃ እጁ እንዲለምደው።

የወረታን ሰው ለብዙ ዘመን ሲያጫውቱ የኖሩ አንድ አረጋዊ አዝማሪ አሉ። እኛ ሰፈር ሁሉም "አያ" ይላቸዋል፤ እኔም እንደዚያው። በአንድ ክረምት ጣሪያቸው አፍስሶ ማሲንቆዋ ለሳምንታት ስትረጥብ ኖረች። ሣጥኗ ከማዕዘኑ ተላቀቀ፤ ቆዳውን አይጥ በላው። ጎንደር አጠገብ እንዳለችው ቡርቧክስ፣ አዝማሪነት ከአባት ወደ ልጅ በሚወርድበት መንደር ቢሆን ኖሮ ከጎረቤት ሌላ ይዋሳሉ። እሳቸው ግን እዚህ ብቻቸውን ናቸው። ድሮ ማሲንቆ የሚሠሩት በገዛ እጃቸው ነበር። አሁን ዓይናቸው ደክሟል፤ ዋንዛ የሚቆርጥ የለም፤ ሜዳው ላይ ደግሞ ፈረስ እንደ ደጋው አይገኝም።

"አያ፣ ለእንቁጣጣሽ ምን ይምጣልዎት? ዶሮ ይሻልዎታል ወይስ በግ እንካፈል?" አልኳቸው ጳጉሜን ሊገባ አካባቢ።

"ዶሮውን ተወው ልጄ። የሚጮህ ነገር ካመጣህልኝ ማሲንቆ አምጣልኝ" አሉኝ።

በዕድራችን ካሉ ሰዎች ጋር ተመካከርን፤ ማንም እምቢ አላለም። ሥራው ለእኔ ተሰጠ።

መጀመሪያ የሄድኩት ባሕር ዳር ነው። ለቱሪስት የተሰደሩ ማሲንቆዎች ከአንድ ሱቅ በር ላይ ተሰቅለው አየሁ። ቆዳው ላይ የፋሲል ግንብ ተስሏል፤ አንገቱ በዛጎል አጊጧል። አንዷን አውርጄ በጣቴ መታ ባደርጋት የካርቶን ድምፅ ሰጠችኝ። ሣጥኑ ስስ ባሕር ዛፍ ነበር፤ ቆዳው በቀለሙ ብዛት ደርቆ መናገር አቅቶታል። ግድግዳ ላይ ለሚሰቅላት ሰው የተሠራች ናት፤ ለዚያ ሥራ መልካም ናት። ሰርግ ለሚያድር ሰው ግን አትሆንም። ባለ ሱቁም ደግ ሰው ነበርና ለማን እንደሆነ ስነግረው "እንግዲያው ይቺን አትውሰድ" ብሎ ራሱ ከእጄ ተቀበለኝ።

ማሲንቆ ቀላል ዕቃ ይመስላል። አራት ማዕዘን ሣጥን፣ ረጅም አንገት፣ አንድ መወጠሪያ፣ አንድ ነዶ የፈረስ ጭራ፤ ሌላ ምንም የለውም። ችግሩ ያለው እዚሁ ማነሱ ላይ ነው። ክራር አንዱ አውታሩ ቢያስቸግር በሌሎቹ ትሸፍነዋለህ፤ በገናም አሥር አውታር አለው። ማሲንቆ ያለው አንድ ነው። ቆዳው ከላላ፣ ጭራው ከሳሳ፣ ጭራውን ከቆዳው ከፍ አድርጎ የሚይዘው ትንሽ እንጨት ቦታውን ከሳተ፣ መሸሸጊያ የለም። ደጋኑም የፈረስ ጭራ ነው፤ ዕጣን ካልታሸ ይንሸራተታል እንጂ አይናገርም። በዚህች አንድ አውታር ላይ ነው ትዝታውም፣ ባቲውም፣ አምባሰሉም፣ አንቺ ሆዬውም የሚወጣው። ጌታመሳይ አበበ በዚህች ዕቃ ምን እንዳደረገ የሰማ ሰው የምለው ይገባዋል። ቻርልስ ሳተን የሚባል በሰላም ጓድ የመጣ አሜሪካዊ ከእሱ ማሲንቆ ተምሮ ከኦርኬስትራ ኢትዮጵያ ሰዎች ጋር አሜሪካ ድረስ ተጫውቶባታል። ኦርኬስትራውን በ1950ዎቹ አጋማሽ ግብፃዊው ሐሊም ኤል ዳብ መሥርቶት፣ በኋላ ተስፋዬ ለማ መርቶታል። ከየክፍለ ሀገሩ የመጡ መሣሪያዎችን በአንድ መድረክ ያስቀመጠ ቡድን ነበር።

ደብረ ታቦር አቅጣጫ ጥሩ ሠሪ እንዳለ ሰምቼ ወደዚያ ወጣሁ። ሰውየው ዋንዛ ነበረው፤ ያውም በጭስ የደረቀ። የፈረስ ጭራ ከጉና ሥር ከሚኖር ዘመዱ ያስመጣል። ቀጠሮ ሰጠኝ፤ በቀጠሮው ቀን አልደረሰም፤ ሌላ ቀጠሮ ሰጠኝ። አልተቀየምኩትም። ቆዳው በክረምት ቶሎ አይደርቅም፤ ያልደረቀ ቆዳ ሸጦ መገላገል ይችል ነበር፣ አላደረገውም። በመጨረሻ የተረከብኩት በእንቁጣጣሽ ዋዜማ ከሰዓት በኋላ ነው። ቀለም የለበትም፤ ጌጥ የለበትም። ሠሪው አንድ ጊዜ በደጋኑ ሳብ ሲያደርገው ከደጅ የነበሩት ልጆች ዘወር አሉ።

ስለ ደብረ ታቦር ካነሣሁ አንድ ነገር ሳልናገር ማለፍ አልችልም። ይህ የእኛ ደቡብ ጎንደር የዜማ አገር ነው። ከደብረ ታቦር ወዲያ ጋይንት ውስጥ ቤተ ልሔም አለች፤ የድጓ ማስመስከሪያ ናት። ዙር አምባ አለች፤ ዝማሬ መዋሥዕት የሚመሰከርባት። የደብረ ታቦርን አቋቋም የማያውቅ የማኅሌት ሰው የለም። በእነዚህ ቦታዎች መቋሚያው፣ ጸናጽሉ፣ ከበሮው ባለቤት አለው፤ ቢሰበር የሚተካ ምእመን አለ። ከዚያው ቅጥር ውጭ፣ በዚያው አውራጃ፣ በዚያው ቋንቋ የሚያዜመው አዝማሪ ግን መሣሪያው ሲሰበር ብቻውን ነው። ሁለቱን አላወዳደርኩም፤ አንዱ ለእግዚአብሔር፣ ሌላው ለሰው ነው። ግን ሁለቱንም የምንሰማው በአንድ ጆሮ ነው።

ወደ ወረታ የሚወርደው ሚኒባስ ዋዜማ ስለሆነ ጢም ብሎ ነበር። ዶሮ፣ ጌሾ፣ ቄጠማ፣ የዘይት ጀሪካን፤ ፖርቶ መጋላው ላይ ደግሞ እግራቸው የታሰረ በጎች። ማሲንቆዬን በነጠላ ጠቅልዬ ጭኔ ላይ አቀፍኩት። ትንሽ እንደወረድን ጎማው ፈነዳ። ሁላችንም ወርደን ቆምን፤ ተጠባባቂው ጎማ ደግሞ የተነፈሰ ሆኖ ተገኘ። ሌላ መኪና መጣና ረዳቱ ሰዉን ከነዕቃው ማዛወር ያዘ። አንዲት አራስ ልጅ ታቅፈው ነበርና እሳቸውን ደግፌ ሳሳፍር ረዳቱ ከመሬት ያለውን ዕቃ ሁሉ እየወረወረ ጫነው። ቀና ስል ማሲንቆው ፖርቶ መጋላው ላይ ወጥቷል፤ መኪናውም ተነሥቷል። "አውርድልኝ!" ብል "ወረታ ስንደርስ!" አለኝ።

አለም በር ላይ ስንደርስ ዝናቡ ወረደ። የጳጉሜን ዝናብ የሚያውቅ ያውቀዋል። መስኮቱን የሚወርደውን ውኃ እያየሁ ልቤ ከላይ ነበር። ወረታ ደርሰን ሲወርድ ነጠላው ውኃ ጠጥቷል፤ ቆዳው ላልቶ ወደ ውስጥ ጎድጉዷል። የአንዱ ሙክት ጎን ደግሞ ደጋኑ ላይ ተኝቶ ለሁለት ሰብሮታል። የበጉ ባለቤት በዕድሜ የገፉ ሴት ነበሩ። ስብራቱን ሲያዩ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ።

"እኔን! እኔን ልጄ! ምን ነበር?"

"ማሲንቆ ነው እናቴ። የሚጠብቁት ሽማግሌ አሉ።"

"አዬ ጉድ። ነገ ሲታረድ ቆዳውን ለአንተ አስቀምጥልሃለሁ። ውሰድና ይለብጡበት።"

ጨዋነታቸው ከሐዘኔ በለጠ። ቤታቸውን አመለከቱኝ፤ እኔም አመስግኜ ተለያየን።

በዚያ ምሽት ከዝናቡ መጠለያ ፍለጋ ከገባሁበት ቤት አንድ ወጣት ኦርጋን ተጫዋች አገኘሁ። እሱም የሰርግ ሰው ነው፤ ሁለት ኦክታቭ የሞቱበት ኦርጋን ይዞ ከወረታ እስከ ሐሙሲት፣ ከሐሙሲት እስከ አዲስ ዘመን ይዞራል። የሞቱትን ቁልፎች እየዘለለ መጫወት ተምሯል። እሱ ለበዓል የሚመኘው የኢትዮጵያን ቅኝት የሚያወጣ አዲስ ያማሃ ነው፤ ውጭ አገር ያለ ወንድሙን ለምኖ ነበር። ወንድሙ ጫማ ላከለት። ጫማው ቆንጆ ነው፤ አሳየኝም። "አይፈረድበትም። ሰው ለዘፋኝ ስጦታ ሲያስብ የዘፋኙ እግር እንጂ እጁ አይታየውም" አለኝ። ይህን የተናገረው እያማረረ አልነበረም። እኔ ግን እስከዛሬ አልረሳሁትም።

መሣሪያ በስጦታ መምጣቱ ምን እንደሚያደርግ ከታሪካችን እናውቀዋለን። ከአድዋ ድል በኋላ የሩሲያው ንጉሥ ኒኮላስ ሁለተኛ ለአፄ ምኒልክ የነሐስ መሣሪያዎች ላከ። የማርሽ ባንድ በአገራችን የተጀመረው በዚያ ስጦታ ነው። ቀጥሎ ራስ ተፈሪ በኢየሩሳሌም ያገኟቸውን 40 የአርመን ወላጅ አልባ ልጆች አስመጡ፤ እነርሱም ከሙዚቃ መምህራቸው ከኬቮርክ ናልባንዲያን ጋር በ1916 ዓ.ም. ማብቂያ፣ አዲስ ዓመት ሊገባ ጥቂት ሲቀረው አዲስ አበባ ገቡ። ከዚያ የክብር ዘበኛ፣ የፖሊስ፣ የጦር ሠራዊት ባንዶች መጡ፤ እነ ጌታቸው መኩሪያ ሳክስፎን የነፉት በተጠረገው በዚያ መንገድ ላይ ነው። ጌታቸው ደግሞ ሳክስፎኑን ወስዶ ሽለላና ፉከራ አስባለው። ደርግ ሲመጣ ኪነት በየቦታው ተቋቋመ፤ የጎንደሩ ፋሲለደስ፣ የጎጃሙ ግሽ ዓባይ፣ የወሎው ላሊበላ። የፖለቲካውን ነገር ትቼ፣ በዚያ ዘመን መሣሪያ መግዛት የመንግሥት ሥራ ነበር። አንድ የገጠር ልጅ ጥሩ ድምፅ ካለው ክራር የሚያስጨብጠው ነበር። የኪነት ቡድኖቹ ሲበተኑ ያ ሥራ ለማን እንደተላለፈ አላየሁም። አሁን ባለሙያው በክብረ በዓል ተጠርቶ ሲያጫውት ይውልና የምስክር ወረቀትና ቲሸርት ተሰጥቶት ይሸኛል። ለዚያው ቲሸርት የወጣው ገንዘብ የአንድ ማሲንቆ ቆዳና ጭራ ይገዛል።

አዝማሪን ጠላት እንኳ ከእኛ ይልቅ ያከበረበት ጊዜ ነበር ብል ክፉ ይመስላል፤ ግን እውነት ነው። ከየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በኋላ ግራዚያኒ በየአገሩ እየዞሩ ወሬና ግጥም የሚነዙትን አዝማሪዎች፣ ተረተኞችና ጠንቋዮች አሳዶ አስገድሏል። አንዲት የፈረስ ጭራ ምን ልትሠራ እንደምትችል ገብቶት ነበር።

በእንቁጣጣሽ ጠዋት ልጃገረዶቹ አደይ አበባ ይዘው አበባየሆሽ ሲሉ፣ ወንዶቹ ልጆች የሣሉትን ሥዕል ይዘው በየቤቱ ሲያንኳኩ፣ እኔ እርጥቡን ማሲንቆ ተሸክሜ ወደ ናቤጋ አቅጣጫ ተነሣሁ። አያ በዓሉን ሊውሉ ልጃቸው ዘንድ ሄደው ነበር። ርብ ከአፉ ወጥቷል። በ1998 ዓ.ም. ክረምት የደረሰውን ጎርፍ ያየ የፎገራ ሰው ውኃውን ሲያይ ድምፁ ይለወጣል፤ ያን ጊዜ ብዙ ሰው ቤቱን ለቆ ወጥቷል። እኔ የሄድኩበት ዓመት ውኃ የዚያን ያህል ባይሆንም የሩዙ ማሳና መንገዱ አንድ ሆነዋል። የተወሰነውን በእግር፣ ውኃው ወገብ ሲደርስ ማሲንቆውን ጭንቅላቴ ላይ አድርጌ፣ የቀረውን ደግሞ ከሐይቁ ዳር ሰዎች ጋር በደንገል ታንኳ ሄድኩ። የታንኳው ሰው ምን እንደተሸከምኩ ሲያውቅ መቅዘፊያውን አቁሞ "እንግዲያውስ ቀስ እንበል" አለ። ታንኳው ላይ በላስቲክ ጠቅልሎ ያስቀመጠው የዓሣ መረብ ናይለን ነበረውና ላስቲኩን ፈትቶ ለማሲንቆው አለበሰው፤ መረቡ ረጠበ። መንገድ ላይ እንዳጫወተኝ ከሆነ ከዚያ ናይለን ላይ እየቆረጡ ለክራር አውታር የሚወስዱ ልጆች አሉ። ድሮ ጅማት ነበር። ናይለኑ በርጥበት አይላላም ብሎ አመሰገነው።

አያ ከልጃቸው ቤት በረንዳ ላይ ነበሩ። ዕቃውን ስሰጣቸው የተሰበረውን ደጋን መጀመሪያ አዩት፤ ከዚያ የጎደጎደውን ቆዳ። በመንገድ የሆነውን ልናገር ስል እጃቸውን አነሡ።

"ሣጥኑ ምንድን ነው?"

"ዋንዛ ነው፣ አያ። በጭስ የደረቀ ነው ብለውኛል።"

በጣታቸው አንጓ ጎኑን ኳ ኳ አደረጉት። ጆሯቸውን አስጠጉ። እንደገና ኳ አደረጉት።

"እንግዲያውስ ምን ሆነና! ቆዳ ድሮስ ረጥቦ አይደለም እንዴ የሚወጠረው? ሣጥኑ ይዳን እንጂ ቆዳውን እኔ አውቅበታለሁ" አሉ።

ከዚያ ያደረጉትን ባላየው ኖሮ ይህን ጽሑፍ አልጽፈውም ነበር። የበዓሉ ዶሮ ወጥ እየጠበቀ፣ ቆዳውን ከነክሩ ፈቱት። እንደገና ውኃ ውስጥ ነከሩት። ሠሪው የወጠረበትን አቅጣጫ አልወደዱትም፤ የፍየሉ ጀርባ መሀል ላይ እንዲውል አዞሩት። የልጅ ልጃቸውን አስይዘው ከአራቱም ማዕዘን እየሳቡ ወጠሩት። ስለ ሴትዮዋ በግ ነገርኳቸው፤ "እግዜር ይስጣቸው፤ የበግ ቆዳ ግን ልፍስፍስ ነው፤ ለእኔ ፍየል ይሻለኛል" አሉ። ከጓሮ ጎባጣ ቅርንጫፍ አስቆርጠው ደጋን ጠረቡ፤ ጭራውን ከተሰበረው ላይ አዛወሩት። መወጠሪያውን ከአሮጌው ማሲንቆ ነቅለው አመጡ። "ይቺ እጄን ታውቀዋለች" አሉኝ። ስለዚህ አዲሱ ማሲንቆ አዲስ ሙሉ በሙሉ አልሆነም፤ የአሮጌው ነገር ገባበት። ለበዓል እንዲጫወቱበት ነበር የደከምኩት፤ በእንቁጣጣሽ ዕለት ግን አንዲት ድምፅ አልወጣችውም። ጥላ ሥር ተሰቅሎ ዋለ፤ ፀሐይ በቀጥታ ካገኘው ይሰነጠቃል አሉ።

እዚያው በረንዳ ላይ የልጅ ልጃቸው የራሱን ዕቃ አመጣልኝ። ዋሽንት ነው፤ ግን ሸምበቆ አልነበረም። ለሽንኩርት መስኖ ውኃ ከሚሳብበት ሞተር የተረፈ የፕላስቲክ ቧንቧ ቆርጦ፣ በጋለ ብረት አራት ቀዳዳ በስቶበታል። ነፋልኝ። ንጹሕ ድምፅ ነበረው። ዋሽንት ነፊ ለአንዱ ዘፋኝ ቁመት ያለው፣ ለሌላው ሌላ፣ እየመረጠ የሚነፋው ብዙ ዋሽንት በኮሮጆ ይዞ ነው የሚዞረው። ይህ ልጅ ያለው አንድ ነው። ምን ትፈልጋለህ ስለው "ረዘም ያለች፣ ወፍራም ድምፅ ያላት" አለኝ። ቧንቧው ሲያልቅበት ሌላ መስኖ እስኪዘረጋ ይጠብቃል። እነ ሙላቱ አስታጥቄ ክራርን ለማዘመን አሜሪካ ውስጥ፣ ሀርቫርድ ድረስ ሄደው ደክመዋል፤ ክብር ይገባቸዋል። ይህም ልጅ ዋሽንትን እያዘመነ ነው፤ የሚያግዘው ግን የለም።

ለመስቀል አያ ወረታ መጡ። ደመራው ከተለኮሰ በኋላ፣ አመሻሽ ላይ፣ ከአንድ ቤት ጠርተናቸው ተሰበሰብን። ዕጣኑን ደጋኑ ላይ አሹት። ከዚያ ሳቡት። ያንን ድምፅ መግለጽ ቢከብደኝም፣ ደብረ ታቦር ላይ ሠሪው ሲስበው የሰማሁት እንዳልነበረ እመሰክራለሁ። ያኛው ቀጭንና ጥሬ ነበር። ይህኛው ከሥሩ አንድ የሚያጎረምስ ነገር ነበረበት። ሰው ሁሉ ጸጥ አለ፤ ኋላ ግጥም የሚነግራቸው ተሻሚ ሆነ። አንድ የሩዝ ነጋዴ ብር ሊለጥፍላቸው ሲነሣ እጁን ይዘው "ግንባሬን ተወው፤ ለጭራ ይሁነኝ" ብለው በእጃቸው ተቀበሉት። ሰውየውም ትንሽ አሰበና "ጭራውን ራሴ አመጣልዎታለሁ" አለ። አገው ምድር፣ እንጅባራ ዘመድ ነበረው፤ ፈረስ በሞላበት አገር። ከገና በፊት አመጣላቸው።

ያ ሁሉ የሆነው መንገዱ ሰላም በነበረበት ጊዜ ነው፤ ዋዜማ ምሽት ላይ ከደብረ ታቦር ወረታ መውረድ የሚያስፈራው ጎማ ብቻ በነበረበት ጊዜ። እግዚአብሔር ያንን ይመልስልን። እንዲያም ሆኖ ሰርጉ አልቆመም፤ አዝማሪውም አልቆመም።

እና የምጠይቃችሁ ይህን ነው፣ የፎገራ፣ የሊቦ ከምከም፣ የደራ፣ የፋርጣ ሰዎች። አዝማሪውን ለሰርግ ቀጠሮ ስትይዙት ከዋጋው ቀጥላችሁ መሣሪያው ምን እንደጎደለው ጠይቁት። የዜማ ዕቃ ጨርሶ ገዝቶ መስጠት አያስፈልግም፤ ባለቤቱ ፈትቶ እንደገና ይሠራዋልና። ፍየል የምታርዱ ቆዳውን አስቀምጡለት። ዋንዛ የምትቆርጡ አንድ ጉማጅ ከምድጃው በላይ ስቀሉለት። ደጋ ዘመድ ያላችሁ ጭራ አስልኩለት። በዕድር፣ በማኅበር የምትሰበሰቡ ለታቦቱ ከበሮ ስታስቡ ከዚያው አጠገብ ለሰፈራችሁ ልጅ አንድ ዋሽንት አስቡ። ውጭ አገር ያላችሁም ወንድማችሁ ኦርጋን ከለመናችሁ ጫማ አትላኩለት። ቆዳ ለመድረቅ፣ እጅም ለመልመድ ጊዜ ይፈልጋሉና ለጥር ሰርግ የምታስቡ ጥያቄውን ኅዳር ላይ ጀምሩት።